ወለሉ አልደረቀም

ጅግጅጋ ላይ ውሃ ሲጠፋ ቧንቧ ከፍቶ መርሳት የአገር ልማድ ነው። ሰው ይከፍታል፣ ቧንቧው ይተነፍሳል፣ «ዛሬም የለም» ይባላል፣ በዚያው ይኬዳል። ተመልሶ የሚዘጋ የለም። ይመጣል ተብሎ ባልተጠበቀ እንግዳ ላይ ማን በር ይዘጋል?

ሚሬ የተቀበረ ዕለትም የሆነው ይኸው ነው። ለቀስተኛው ለውዱእ የበረንዳውን ቧንቧ ከፈተ፣ ውሃ አጣ፣ ከበርሜል ቀድቶ ተጣጠበና ጀናዛውን ተከትሎ ወጣ። ሴቶቹ ጎረቤት ግቢ ድንኳን ውስጥ ነበሩ። ሳምንታት ጠፍቶ የሰነበተው ውሃ ቤቱ ባዶ የሆነበትን ሰዓት መርጦ መጣ። ከቀብር ሲመለሱ ሳሎኑ ኩሬ ሆኗል፤ የሟቹ ነጠላ ጫማ በሩ አጠገብ ተንሳፍፎ ይዞራል።

ለቅሶ ቤት ውስጥ ስለ ወለል የሚጨነቅ የለም። ውሃው በመጥረጊያ ተገፍቶ ወጣ፣ ምንጣፎቹ አጥር ላይ ተሰጡ። ከምንጣፎቹ ሥር ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተዘረጋውን ላስቲክ ግን ማንም አልነካውም። ሚሬ ራሱ ከድንበሯ ከተማ ከቶጎጫሌ በጭነት መኪናው ያመጣው ወፍራም ባለ አበባ ላስቲክ ነው። በጨርቅ ሲወለወል ቦግ አለ። ምንጣፎቹ ተመልሰው ተነጠፉበትና ነገሩ አለቀ ተባለ።

አላለቀም ነበር። የሻጋታ ሽታ መጀመሪያ የደረሰው ለዴቃ ነው። ሌላው ይወጣል ይገባል፤ እሷ አትወጣም።

ዴቃ የሚሬ ሚስት ነበረች፤ አሁን ባሏ የሞተባት ናት። ዒዳ ላይ ነች። አራት ወር ከአሥር ቀን ነጭ ለብሳ፣ ሽቶና ኩል ሳትነካ፣ ከባሏ ቤት ደጅ ሳትወጣ ትቆያለች። የሽንሌ ልጅ ናት፤ ድሬዳዋ ተምራለች፤ ከመጽሐፍና ከጓደኛ መካከል ተነስታ ነው ጅግጅጋ የተዳረችው። ሚሬ መጥፎ ባል አልነበረም፣ ግን ሹፌር ነበር። ከሚስቱ ይልቅ ከመኪናው ጎማ ጋር ነው የኖረው። መኪናው ከነጭነቱ ሲገለበጥ ዴቃ ከልቧ አለቀሰች፤ ያለቀሰችው ግን በቅጡ ሳታውቀው ስለሞተባት ነው።

ለቅሶው ሳይበርድ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ዱማል የሚባል ነገር አለ፤ ወንድም ሲሞት ሚስቱ ለቀሪው ወንድም ትሰጣለች። ሴቷ ሜዳ ላይ እንዳትወድቅ ተብሎ የሚደረግ ነው፤ ደግ የሆነላቸውም ብዙ ናቸው። ዴቃን ግን የጠየቃት የለም፤ ነገሯት እንጂ። ዒዳዋ ሲያልቅ ለሚሬ ታናሽ ለዐብዲዐዚዝ ትታሰራለች። አባቷም ከሽንሌ «ልጅቷ የእናንተ ናት» ብሎ ልኳል።

ዐብዲዐዚዝ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ለዴቃ ይቀላት ነበር። ቶጎጫሌ ላይ ሱቅ አለው፣ ሳዳ የምትባል ሚስትና የሚወዳቸው ልጆች አሉት። ሲመጣ ለእናቱ ተምር፣ ለዴቃ ብስኩት ይዞ ይመጣል። ብስኩቱን ሲያቀብላት ዓይኑን ይሰብራል። እሱም የታዘዘውን የሚያደርግ ሰው ነው።

ሽታው ሲብስ ወለል ሠሪ ያመጣው እሱ ነው።

ሠሪው ሙሐመድአሚን ይባላል፤ ከሐረር በኩል የመጣ፣ ሠላሳ ያልደፈነ፣ ጉልበቱ ላይ ሱሪውን በሌላ ጨርቅ የደረበ ሰው። ሶማሊኛው ከሰላምታ አያልፍም። የቤቱ እመቤት የሚሬ እናት፣ ሁሉም በአክብሮት «ኤዶ» የሚላቸው ኢስተሂል፣ ደግሞ አማርኛ አይናገሩም። ያውቃሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ገበያ ላይ ጨርቅ ሸጠዋል። ግን «የሚደራደር ሰው ቋንቋውን ለባላጋራው አይሰጥም» የሚሉት ነገር አላቸው። ስለዚህ ማስተርጎም የዴቃ ሥራ ሆነ።

ዴቃ ከጓዳው በር ላይ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ትቀመጣለች። ኤዶ ኢስተሂል ሳሎኑ መሐል ወንበራቸው ላይ መቁጠሪያቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። መጋረጃው ወለል አይደርስም። ጫፉ በውሃው ሻግቶ ስለነበር ኤዶ በመቀስ ቆርጠውታል። ከሥሩ አንድ ስንዝር ያህል ክፍተት ቀርቷል።

ሙሐመድአሚን ምንጣፎቹን ጠቀለለ። በመዶሻው እጀታ ወለሉን እየመታ ከጥግ እስከ ጥግ በጉልበቱ ሄደ። አንዳንዱ ቦታ ጠንካራ ድምፅ ይሰጣል፤ አንዳንዱ ከሥሩ ባዶ እንደሆነ ያስታውቃል። ከዚያ የላስቲኩን ጫፍ ይዞ ገለጠው።

ሲሚንቶው ጠቁሯል። ነጭ ሻጋታ አብቅሏል። ስንጥቁ ውስጥ ውሃ ይታያል።

«ምን አለ?» አሉ ኤዶ በሶማሊኛ፣ እሱ ገና ምንም ሳይል።

«ውሃው የትም አልሄደም» አለ ሙሐመድአሚን ወደ መጋረጃው። «መውጫ አጥቶ እዚሁ ተቀምጧል። ከላይ ላስቲኩ አፍኖታል። ከታች ያለው ጥቁር አፈር ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሊሾውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ላዩ ደህና ይመስላል።»

ዴቃ መተርጎም ጀመረች። «መውጫ አጥቶ» የሚለው ላይ ስትደርስ ቃሉን ሁለት ጊዜ ደገመችው።  ሙሐመድአሚን ቀና ብሎ መጋረጃውን አየ። ያየው የነጭ ቀሚስ ጫፍና ሁለት ባዶ እግሮች ነው።

«ላዩን ሲሚንቶ ያፍስበትና ይልቀቀን በይው» አሉ ኤዶ።

«የረጠበ ላይ አላፈስም። አሁን ብሸፍነው ክረምት ሳይደርስ ይፈነዳል። መሰበር አለበት፣ ርጥቡ አፈር መውጣት አለበት፣ ከዚያ መድረቅ አለበት።»

«እስከ መቼ?»

«ይሄን ወለሉ ነው የሚያውቀው» አለ። ከዚያ ዘወር ዘወር ብሎ አየና ጨመረ፤ «መስኮቱን ለምን ዘጋችሁት?»

 መስኮቱ መንገድ ላይ ያያል። ነጭ የለበሰች ሴት ከመንገድ እንዳትታይ ነው የተዘጋው።

«የተዘጋ ቤት ውስጥ ወለል አይደርቅም» አለ ሙሐመድአሚን። ይህንንም ተረጎመችው። ኤዶ መቁጠሪያቸውን አቁመው በእጃቸው ምልክት ሰጡ። መስኮቱ ተከፈተ። የባጃጅ ጩኸት፣ የግመል ወተት የሚሸጡ ሴቶች ድምፅ፣ አቧራ፣ ነፋስ ተያይዘው ገቡ። ዴቃ ከመጋረጃው ጀርባ ዓይኗን ጨፍና ነፋሱን ሳበች።

ወለሉ ተሰበረ። ርጥቡ አፈር በጆንያ ወጣ። ሙሐመድአሚን በየጥቂት ቀኑ እየመጣ ያየው ጀመር። መፈተሻው ቀላል ነው። ጉድጓዱን ደልድሎ ቁራጭ ላስቲክ ያነጥፍበታል፣ ዳር ዳሩን በፕላስተር ያሽገዋል፣ ይሄዳል። ሲመለስ ይገልጠዋል። ከላስቲኩ ሥር ላብ ካለ አልደረቀም።

በእነዚያ ቀናት ስለ ብዙ ነገር ተወራ፤ ሁሉም በኤዶ ፊት፣ ሁሉም በመጋረጃ በኩል። ለምን ወለል እንደመረጠ ጠየቀችው።

«ሰው እንግዳ ሲጠራ ጣሪያውንና ግድግዳውን ነው የሚያሳየው» አለ። «ወለል የሚታወሰው ሲበላሽ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ያልታየ ነገር ያሳዝነኛል።»

«ሚስትም እንደዚያው ናት» አሉ ኤዶ በሶማሊኛ፣ ዴቃ አፏን ሳትከፍት። ሙሐመድአሚን ምን እንዳሉ ጠየቀ። ዴቃ ሳቋን አፍና ተረጎመችለት። ሚሬ ከሞተ ወዲህ የሳቀችው ያን ቀን ነው።

አንድ ቀን ቧንቧው ከሥር ያፈስ እንደሆነ ለመስማት ጆሮውን መሬት ላይ ለጥፎ ተጋደመ። «ዝም በሉ» አለ። ቤቱ ጸጥ አለ። ዴቃ የቀሚስ ጠርዝ እየሰፋች ነበር፤ የክር ጥቅሏ ከጭኗ ወድቆ በመጋረጃው ሥር ተንከባለለና ፊቱ ላይ ቆመ። ልታነሳው ጎንበስ አለች። ክፍተቱ ላይ ተያዩ።

ጉንጩ አፈር ነክቶታል። የእሷ ሻሽ ወደ ኋላ ሸሽቷል። ስንት ጊዜ ድምፁን ሰምታለች፤ ፊቱን አልማው እንደነበር ያወቀችው አሁን ነው፣ ካለመችው ይልቅ ደከም ያለና ደግ ሆኖ ስታገኘው። ሁለቱም ዓይናቸውን ቶሎ አላነሱም። ቶሎ ማንሳት ነበረባቸው።

«ክርሽ ረጠበ» አለ በዝግታ።

«ይደርቃል» አለች።

ኤዶ ወንበራቸውን ገፋ አደረጉ። ዴቃ ቀና ብላ ተቀመጠች።  እንደወደደችው አወቀች፤ እሱም እንደተነካ አወቀች። ደስ ሊላት ሲገባ ፍርሃት ያዛት፤ መውጫ የሌለው ቤት ውስጥ መውደድ ምን ያደርጋል?

በሚቀጥለው ሳምንት ዐብዲዐዚዝ አዲስ ላስቲክ ትከሻው ላይ ተሸክሞ ከቶጎጫሌ መጣ።

«ሆዮ፣ ከበፊቱ የተሻለ ነው» አለ ለእናቱ። ከዚያ ጉድጓዱን አይቶ ወደ ሙሐመድአሚን ዞረ። «ወንድሜ፣ እስካሁን ጉድጓድ?»

«አልደረቀም።»

«ዒዳዋ ሊያልቅ ነው። ሽማግሌ ይመጣል፣ የልጅቷ አባት ይመጣል፣ ኒካሑ የሚታሰረው እዚሁ ሳሎን ነው። ሽማግሌ ጭቃ ላይ ላስቀምጥ?»

ሙሐመድአሚን መዶሻውን አስቀመጠ። «የማን ኒካሕ?»

«የኔና የእሷ ነዋ። የወንድሜ ሚስት አይደለችም?» ድምፁ ውስጥ ደስታ አልነበረም። «ወለሉ የደረቀ ቀን ጨርሰህ አስረክበኝ።»

ሙሐመድአሚን ወደ መጋረጃው አላየም። «ሲደርቅ» አለ።

በማግስቱ ኤዶ ሲሰግዱ ዴቃ ጎድጓዳ ሳህን ይዛ ወደ ሳሎን ወጣች። የፕላስተሩን ጠርዝ በጥፍሯ አነሳች፣ በጣቶቿ ውሃ ረጨች፣ መልሳ አሸገችው። የምታደርገው ነገር ከንቱ እንደሆነ ታውቃለች። ግን ወለሉ እስካልደረቀ ሽማግሌ የሚቀመጥበት ቦታ የለም። ወለሉ እስካልደረቀ ደግሞ እሱ ይመጣል።

መጣ። ገለጠው። ረጅም ጊዜ አየው። ኤዶ ዓይናቸውን ጨፍነው መቁጠሪያቸውን ያንከባልላሉ።

«ከታች የሚመጣ ውሃ ጨው ይዞ ነው የሚወጣው» አለ ሙሐመድአሚን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ላስቲኩን ነጭ ያደርገዋል። ይሄኛው ጨው የለውም። ንጹሕ ውሃ ነው።»

ዴቃ ፊቷ ጋለ።

«ምን አለ?» አሉ ኤዶ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«አልደረቀም አለ።»

«እ» አሉና መቁጠሪያቸውን ቀጠሉ።

ሙሐመድአሚን ላስቲኩን መልሶ ማሸግ ጀመረ። እጁ ሥራውን አላቋረጠም። «ለዛሬ አልደረቀም እላለሁ። ግን እህቴ፣ ወለል ዕድሜ ልኩን ሲረጥብ አይኖርም። በአፍሽ ያልተናገርሽውን እኔ በሲሚንቶ ልናገርልሽ አልችልም።»

«ብናገር ማን ይሰማኛል? አባቴ ተስማምቷል። ሽማግሌ ተስማምቷል። እኔ ደጅ እንኳ አልወጣም።»

«እኔ እሰማሻለሁ» አለ።  «ከዚህ በላይ ብናገር አይፈቀድልኝም። ዒዳ ላይ ነሽ። የምለው ካለ ከዚያ በኋላ ነው የምለው። ግን አንቺ መጀመሪያ የራስሽን በይ።»

ይህንን ለኤዶ አልተረጎመችም። ኤዶም አልጠየቁም።

ዴቃ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳህኑን አላነሳችም። አፍራለች፤ ተስፋም አድርጋለች። የምትናገረውን በልቧ እየደጋገመች ሰነበተች፤ ለአባቷ፣ ለሼኹ፣ ለዐብዲዐዚዝ። በልብ ሲባል ቀላል ነው።

ሙሐመድአሚን ሲመለስ ላስቲኩን ገለጠና ቀዘቀዘ። ውሃው ተንቆርቁሯል። እንደ ድሮው ጠብታ አይደለም፤ ፈሷል።

«ነግሬሽ ነበር» አለ።

«እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ ማን ነው?»

«ወላሂ እኔ አይደለሁም ሙሐመድአሚን።» ስሙን ስትጠራው የመጀመሪያዋ ነው።

እሱ ግን ልቡ ተሰብሯል። ለመናገር የምትዘጋጅ ሴት ሲጠብቅ መደበቅን የመረጠች ሴት ያገኘ መሰለው። ዕቃውን በጆንያ ከተተ። «የቀን ሥራ ይዣለሁ። ሲደርቅ ላኩብኝ» ብሎ ወጣ። ዴቃ ሱሪው ላይ የደረበው ጨርቅ በክፍተቱ በኩል ሲያልፍ አየች። ተከትላው ልትወጣ አትችልም። በሩ ክፍት ነው፣ መስኮቱም ክፍት ነው፣ ግን ልትወጣ አትችልም። እንደዚያ ቀን ታፍና አታውቅም።

ቀኖቹ ሄዱ፤ እሱ አልመጣም። ውሃውን ማን እንደሚያፈስ የማወቅ ነገር ግን አላስቀመጣትም። ጎሕ ሲቀድ ነቅታ መጋረጃው ሥር ተጋደመችና ጠበቀች።

የሱብሒ አዛን ሲያበቃ የእግር ኮቴ ሰማች። ኤዶ ኢስተሂል የውዱእ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው መጡ። ጉልበታቸውን እያቃሰቱ አጠፉ፣ ፕላስተሩን አነሱ፣ ውሃውን እንደ አትክልተኛ ረጋ ብለው አፈሰሱ።

«ኤዶ?»

«ዝም በይ። እየሠራሁ ነው።»

ዴቃ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ኤዶ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጠው በጉድጓዱ ዳር እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። አጠገባቸው እንድትቀመጥ መሬቱን መታ መታ አደረጉ።

«አንቺ ስትረጪ እሰማሽ ነበር» አሉ። «ስታቆሚ እኔ ቀጠልኩ።»

«ለምን?»

ኤዶ የፕላስተሩን ጠርዝ በመዳፋቸው ተጫኑ። «የሚሬ አባት ሲሞት ሚሬ ገና ጡት አልተወም ነበር። ለወንድሙ ሰጡኝ። ኒካሑ የታሰረው እዚሁ ሳሎን ነው። በር ላይ መጥተው ጠየቁኝ፤ ፈራሁ፣ ዝም አልኩ። አፍራ ነው፣ ዝምታዋ እሺታ ነው ብለው ፋቲሓ ቀርተው አሰሩኝ። ዝምታ እሺታ የሚሆነው ለልጃገረድ ነው ዴቃ። አግብታ የፈታች፣ ባል የሞተባት ሴት በአፏ መናገር አለባት። ሃይማኖቱ ይህን ሰጥቶኝ ነበር፤ ያኔ የነገረኝ ግን የለም።»

«ዐብዲዐዚዝ...»

«ከዚያኛው ባሌ የወለድኩት ነው። ከዓይኔ ብሌን አብልጬ እወደዋለሁ። ልጄ የሌላ ሴት አፍ መዝጊያ እንዲሆን ግን አልፈልግም።»

ዴቃ እንባዋ መጣ። «ታዲያ ይህን እስካሁን ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ትሄጃለሻ» አሉ ኤዶ። ድምፃቸው እንደ ሁልጊዜው ደረቅ ነበር፤ ግን የቀሚሷን ጫፍ ያዙ። «እምቢ ብትዪ ትሄጃለሽ፤ እሺ ብትዪም ቶጎጫሌ ይወስድሻል። እኔ ልጄን ቀብሬ ከዚህ ጉድጓድ ጋር ብቻዬን ልቀር ነው። ወለሉ ቢረጥብ ትቆያለሽ ብዬ ነው።»

ዴቃ አቀፈቻቸው። በርጥቡ አፈር ዳር ሁለት የታሰሩ ሴቶች ተቃቅፈው ተቀመጡ። ሲነጋ ኤዶ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ሲጠይቁሽ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ።»

ሽማግሌዎቹ የመጡት ዒዳዋ ባለቀ ማግስት ነው። ሳሎኑ ጉድጓድ ስለሆነ ግቢ ውስጥ፣ ከዚያ ቧንቧ አጠገብ ምንጣፍ ተነጠፈላቸው። ሼኹ መሐል ተቀመጡ። የዴቃ አባት ከሽንሌ መጥቶ ከቀኛቸው ተቀመጠ። ዐብዲዐዚዝ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ቁልፉን ይነካካል። ዴቃ ውስጥ፣ በረንዳው ላይ ከሚከፈተው በር ጀርባ ነች።

«ዴቃ» አሉ ሼኹ፣ «ዐብዲዐዚዝን ለማግባት ፈቃድሽ ነው?»

ያ ሁሉ በልቧ የደጋገመችው ንግግር ጠፋባት። ዝም አለች።

«አፍራ ነው» አለ አንዱ ሽማግሌ። «ይበቃል፣ ፋቲሓ እንቅራ።»

«አይበቃም» የሚል የሴት ድምፅ መጣ። ኤዶ ኢስተሂል በበረንዳው ላይ ቆመዋል። «ሼኽ፣ ባል የሞተባት ሴት ዝምታ እሺታ ነው?»

ሼኹ ጺማቸውን ዳበሱ። «አይደለም» አሉ። «ልክ ብለዋል። በአፏ ትናገር።»

 ቧንቧው እንኳ ትንፋሹን የያዘ መሰለ።

«ፈቃዴ አይደለም» አለች ዴቃ። ድምጿ ቀጭን ነበር። ሰው እርስ በርሱ ሲተያይ እንደገና፣ አሁን ከፍ አድርጋ ተናገረች፤ «አልፈቀድኩም። ዐብዲዐዚዝ ወንድሜ ነው። ወንድሜ ሆኖ ይኑርልኝ።»

አባቷ ፊቱ ጠቆረ። ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። ዐብዲዐዚዝ ሸሚዙን ከአንገቱ ፈታ አደረገ፤ ከዚያ ከኪሱ ሞባይሉን አወጣ።

«ይቅርታ» አለ ተነስቶ፣ «ለሳዳ ልደውልላት። ከትላንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።»

አንድ ሽማግሌ ሳቀ። ከዚያ ሌላው። አባቷ ግን አልሳቀም። በዚያው ቀን ዴቃን ይዟት ወደ ሽንሌ ተሳፈረ። መንገዱን ሙሉ አላናገራትም። የሸሸችው ቤት ከኋላዋ ቀርቶ የምትገባበትም ቤት የተዘጋ ሆነባት። ከሁሉ የሚያንገበግባት ግን ሙሐመድአሚን መናገሯን አለመስማቱ ነው።

እሱ በከተማው ሌላ ጫፍ አዲስ ፎቅ ላይ ወለል ሲያነጥፍ ነበር። አንድ ጠዋት ቀና ቢል ኤዶ ኢስተሂል አሸዋ ክምሩ ላይ ቆመዋል።

«ውሃውን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ» አሉት ጥርት ባለ አማርኛ። «እሷ አይደለችም። እሷ በሽማግሌ ፊት በአፏ ተናግራለች። እምቢ ብላለች።»

ሙሐመድአሚን የሲሚንቶ ማንኪያውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። «እናቴ... አማርኛ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚችሉት?»

«አንተ ሳትወለድ» አሉ። «ያልከውን ሁሉ ሰምቻለሁ። ከዒዳዋ በኋላ የምለው አለኝ ብለህ ነበር። ዒዳዋ አልቋል። መጀመሪያ ግን ወለሌን ጨርስልኝ።»

ጨረሰላቸው። በትክክል እስኪደርቅ ጠበቀ፣ ኮረት ጨመረ፣ ላስቲኩን በሚገባው ቦታ ከሥር አደረገ፣ ኮንክሪቱን አፈሰሰ፣ ሊሾውን በእጁ ለሰነው። ኤዶ ወንበራቸው ላይ ሆነው አዩት፤ አንዴም «መቼ ያልቃል» አላሉም። ያለቀ ዕለት ሻሻቸውን አስረው «እንሂድ» አሉ።

ሽንሌ ላይ የዴቃ አባት ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ተቀበላቸው። የሙሐመድአሚንን ስም ሰማ፣ ሥራውን ሰማ፣ አገሩን ሰማ።

«ጎሳው?» አለ።

«የኛ አይደለም» አሉ ኤዶ። «ጸሎቱ ግን የኛ ነው። ስማኝ፤ ይህች ልጅ የአንድ ልጄ ሚስት ነበረች፤ የሌላውም እንድትሆን የተባለላት ናት። ከገዛ ልጄ ነፍጌ ለዚህ ሰው ስጥ እያልኩህ ነው። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ልቁጠርልህ?»

  አባትየው ጓደኞቹን አይቶ ወደ ጓዳው ዞረ። «ዴቃ፣ በአፍሽ ተናገሪ ይላሉ...»

«ፈቃዴ ነው» አለች ዴቃ፣ ሳይጨርስ።

ኒካሑ ሽንሌ ላይ ታሰረ። ኑሯቸው ጅግጅጋ ሆነ፤ ከኤዶ ቤት ራቅ ባለ ሰፈር፣ መስኮቱ በማይዘጋ ቤት። ዴቃ ማለዳ ማለዳ ደጅ ወጥታ ያለ ምንም ጉዳይ መንገዱን አይታ ትገባለች። እሱም ለምን እንደሆነ ጠይቋት አያውቅም።

ብዙ ሳይቆይ አንዲት ጎረቤት መልእክት ይዛ መጣች። «ኤዶ ኢስተሂል ወለሉ ረጥቧል ብለዋል።»

ሙሐመድአሚን ደነገጠ። «ሊሆን አይችልም። በገዛ እጄ ነው የሠራሁት።» መዶሻውን ይዞ ከዴቃ ጋር እየተጣደፈ ሄደ።

ኤዶ ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ መቁጠሪያው እጃቸው ላይ ነው። ሙሐመድአሚን በጉልበቱ ወርዶ ወለሉን ከጥግ እስከ ጥግ መታው። የትም ባዶ ድምፅ የለም። ስንጥቅም የለም። በአንድ ጥግ ብቻ የመዳፍ ስፋት ያለው ርጥበት አገኘ። በጣቱ ነካው። ንጹሕ ውሃ ነው፤ ጨው የለውም። ሁለት እርምጃ አለፍ ብሎ ማንቆርቆሪያው ከአፉ ላይ አሁንም ይንጠባጠባል።

ሙሐመድአሚን ማንቆርቆሪያውን አየ። ዴቃን አየ። ከዚያ ከጆንያው ቁራጭ ላስቲክ አውጥቶ ርጥበቱ ላይ አነጠፈ፤ ዳር ዳሩን በጥንቃቄ በፕላስተር አሸገው።

«አልደረቀም» አለ እየተነሳ። «ጁምዓ ተመልሰን እናየዋለን።»

«ምን አለ?» አሉ ኤዶ ለዴቃ፣ በሶማሊኛ።

«አልደረቀም አለ» አለች ዴቃ። «ጁምዓ እንመጣለን።»

«እ» አሉ ኤዶና ሩዝ ሊጥዱ ወደ ጓዳ ገቡ።